ኮኔክትድ ነው፣ ግን አይሠራም

በዚህች ከተማ አንድ ነገር እምቢ ሲል ስሙ «ሲስተም የለም» ነው። ባንክ ቤት ሲስተም የለም፣ ወረዳ ሲስተም የለም፣ መብራት ልንከፍል ስንሄድ ሲስተም የለም። የግቢ ተማሪ ግን የራሱ አባባል አለው፤ «ኮኔክትድ ነው፣ ግን አይሠራም» ይላል። የስልኩ አናት ላይ ያቺ ማራገቢያ የምትመስለው የዋይፋይ ምልክት ሞልታ ትታያለች፤ አጠገቧ ግን ቃለ አጋኖ ተገትሯል። ይህን ምልክት የማያውቅ አንባቢ ካለ ወይ ግቢ አልገባም፣ ወይ የዳታ ችግር የለበትም። በሁለቱም እንቀናበታለን።

እኛ ሦስት ነን። በ2016 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት ተመረቅን። ግቢያችን ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ስሙን አንጠራውም። የማንኛውም ግቢ ተማሪ የራሱን ግቢ ስም ቢያስገባበት ታሪኩ እምብዛም አይለወጥም (ትንሽ ፈርተንም ነው፣ ሰነዶቻችንን ገና ሙሉ በሙሉ አልተረከብንም)። በመጨረሻው ዓመት ለአንድ ኮርስ «ዘገባ ሥሩ» ተባልን። ሌሎቹ ቡድኖች ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ታክሲ ሰልፍ ለመጻፍ ሲወጡ እኛ የግቢውን ዋይፋይ መረጥን። ክፍሉ ሳቀብን። «ባንድዊድዝ ይጨመር ብላችሁ ጻፉና ጨርሱ!» ያለን ልጅ ዛሬ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ባልደረባ ነው፤ ሰላም እንለዋለን።

ለመሆኑ ዋይፋይ ይህን ያህል ነገር ነው? መምህሩ ሃንዳውት የሚልከው በቴሌግራም ነው። የክፍል ተጠሪው «ነገ ክላስ የለም» የሚለው በቴሌግራም ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ግማሹን ያላገኘ ተማሪ አራትና አምስት ዓመት ተምሮ ዲግሪውን የማያይበት ፈተና። የመለማመጃው ጥያቄ የሚዞረው በቴሌግራምና በዩቲዩብ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ጥያቄዋ «ፓኬጅ ልግዛ ወይስ ምሳ ልብላ» ነው። የግቢው ዋይፋይ ሲሠራ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ሳይሠራ ሲቀር በየቀኑ ይነሳል። ስለዚህ አዎ፣ ይህን ያህል ነገር ነው።

ሽቦ አልባ ኔትወርክ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰን የተባለው መምህርና ባልደረቦቹ በየደሴቱ የተበታተኑትን የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች ኦዋሁ ደሴት ላይ ካለው ዋና ኮምፒውተር ጋር በሬዲዮ አገናኙ። አሎሃኔት ይባላል። ችግራቸው ሁሉም የሚናገሩት በአንድ ቻናል መሆኑ ነበር። ደንባቸው ደግሞ ቀላል ነው፤ ባሻህ ጊዜ ተናገር፣ ከሌላው ጋር ተጋጭተህ መልስ ካልመጣልህ ጥቂት ጠብቀህ ድገመው። የሚጠበቀው ጊዜ በዕጣ እንደ ማለት ነው፤ ሁሉም እኩል ከጠበቀማ እንደገና ይጋጫላ! በዚህ ደንብ ከቻናሉ አቅም ለቁም ነገር የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ መሆኑን በሒሳብ አረጋገጡት። የቀረው በግጭትና በዝምታ ያልቃል።

የዛሬው ዋይፋይ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ደረጃ ወጥቶለት በ1999 ስም የወጣለት ማለት ነው፣ ከዚያ የተሻለ ጨዋ ነው። ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው እያወራ ከሆነ ዝም ይላል። የእድር ስብሰባ ላይ ሌላው እስኪጨርስ እንደ መጠበቅ ነው። እድሩ ሠላሳ አባል ካለው ነገሩ ያምራል። ሦስት መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥና ሁሉም «እኔም አንድ ነገር አለኝ» ሲል ግን ሰዓቱ ተራ በመጠበቅ ያልቃል። ከውጭ የሚመጣው መስመር የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አዳራሹ ውስጥ ያለው አየር አንድ ነው። «ባንድዊድዝ ጨምሩ» የሚለው መፈክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

(በነገራችን ላይ አሜሪካ ያለው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ግቢውን በሽቦ አልባ ኔትወርክ መሸፈን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ኢንተርኔት ራሱ ለሕዝብ አገልግሎት አገራችን የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። አንናደድም፣ ለማስታወስ ያህል ነው።)

እንግዲህ አይሲቲ ቢሮ ሄድን። ቢሮው የተባለው ከደረጃ ሥር ያለች ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ጀበና። የኔትወርኩ ኃላፊ ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። መጀመሪያ ጥርጣሬ ገብቶት «ጋዜጠኞች ናችሁ ወይስ ከኦዲት?» አለን። ተማሪዎች መሆናችንን ስንነግረው መሰላሉን አሸከመንና «በሉ ተከተሉኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ተከተልነው።

የመጀመሪያው ትምህርት «አይሠራም» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ብዙ በሽታ መሆኑ ነው። ስልኩ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ የሚሽከረከር ከሆነ አንድ በሽታ ነው። ተገናኝቶ ቃለ አጋኖ ካወጣ ሌላ ነው። ተገናኝቶ፣ ቃለ አጋኖም ሳይኖረው፣ አንድ ፎቶ ለማውረድ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ። ሐኪሙ ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ቢያዝ ምን ትሉታላችሁ?

የፊተኛውን እንውሰድ። ስልክ ኔትወርኩ ውስጥ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። በተለመደው አነስተኛ አደረጃጀት የሚታደለው ቁጥር 254 ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ደግሞ በውሰት ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ። ያንን ጊዜ ማንም ካልነካው ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ይሄዳል፤ የማይክሮሶፍት ሰርቨር ለምሳሌ ስምንት ቀን ይላል። የእኛም ግቢ ስምንት ቀን ላይ ተቀምጦ ነበር። አስቡት። አንድ ልጅ ዋይፋዩን ሳያጠፋ በላይብረሪው በር አልፎ ወደ ፒያሳ ይወርዳል፤ ቁጥሯን በኪሱ ይዞ ነው የሚወርደው። ስምንት ቀን ሙሉ ያቺ ቁጥር ተይዛለች። ላይብረሪ ውስጥ ሠላሳ ሰው ብቻ ተቀምጦ 255ኛው ስልክ «ቦታ የለም» ይባላል። ልጁ ይህን ያየው እኛ እዚያው ቆመን ሳለ ነው። ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት አወረደው፣ የቁጥሩንም ብዛት ከአንድ ሺህ በላይ አደረገው። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፣ አንድ ብርም አልወጣበት። ለዚህ ነገር ስንት የተማሪዎች መማክርት ስብሰባ እንደተጠራ ብትሰሙ!

ሁለተኛው በሽታ፣ ባለ ቃለ አጋኖው፣ ስልክህ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር በደንብ እየተነጋገረ ሳለ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሲቋረጥ የሚመጣ ነው። መንገዱ የሚቆረጥበት ሥፍራ ብዙ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እንደሆነው የአገሩ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ጣሪያ ላይ ያለች አክሰስ ፖይንት ምንም አታመጣም፤ አረንጓዴ መብራቷን እያበራች መቀመጥ ብቻ ነው። ወይ ደግሞ መንገድ ሲቆፈር ኬብል ይበጠሳል። ወይ ደግሞ እንደኛ ግቢ ይሆናል። የአንዱ ብሎክ ኢንተርኔት በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋና ዐሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። የአይሲቲው ልጅ ወር ሙሉ ሲያስስ ከርሟል። ነገሩ የተገኘው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የብሎኩ ስዊች የተቀመጠው እዚያ ጥግ፣ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ሶኬት ደግሞ አንድ ናት። ፎቶ ኮፒ የሚያነሱት እትዬ ጠዋት ሲገቡ «ያቺን የምትበራውን ዕቃ» ነቅለው ማሽናቸውን ይሰካሉ፤ ማታ ሲወጡ በአደራ መልሰው ይሰኩታል። «ልጆቼ፣ እኔ የማንቂያ ደወል ነው ብዬ ነው እኮ፤ ማታ ማታ ነው የሚያስፈልገው» አሉን። ማን ይፍረድባቸው? አንድም ሰው መጥቶ ምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ሦስት መቶ ተማሪ የሚተዳደርበት ዕቃ ላይ አንድ ወረቀት አልተለጠፈበትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንሂድ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው።

የአየሩ ነገር ሲጣበብ የኔትወርክ ሰው በእጁ ካሉት መላዎች አንዱ ዝቅተኛውን ፍጥነት መዝጋት ነው። ከአክሰስ ፖይንቱ የራቀ ወይም አንቴናው ደካማ የሆነ ስልክ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ያህል ቀስ ብሎ ይናገራል። 54 ሜጋቢት የሚናገረው ስልክ በአንድ ሰከንድ የሚጨርሰውን እሱ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ሊሞላው ይደርሳል። እስኪጨርስ ሌላው ሁሉ አዳምጦ ይጠብቃል። በእድሩ ስብሰባ ላይ እጅግ ቀስ ብለው የሚናገሩ አንድ አዛውንት አሉ እንበል። ሌላው መላ ደግሞ ሰዉን ከ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማሻገር ነው፤ እዚያ ቻናሉ ብዙ ነው፣ ፀጥታ አለ። ልጁ ሁለቱንም አደረገ። ኔትወርኩ ፈጠነ። የቅሬታ ደብተሩ ላይ የሚጻፈውም ቀነሰ። አለቆቹ አመሰገኑት።

ከሦስታችን የአንዷ ስልክ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢውን ዋይፋይ ማየት አቆመ። ቃለ አጋኖ እንኳ የለም፤ ስሙም ዝርዝሩ ውስጥ አይመጣም። ርካሽ ስልክ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህ ስልክ የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ፓኬጅ ልግዛ ወይስ ምሳ ልብላ የምትለው ልጅ ስልክ ነው። ዋይፋዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋት እሷ ናት፤ ዋይፋዩ ሲሻሻል መጀመሪያ የተቆረጠችውም እሷ ናት። ቅሬታው ለምን እንደቀነሰ አሁን ይገባችኋል። የሚያማርረው ዋይፋዩ የተንቀራፈፈበት ነው። ጨርሶ የጠፋበት «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

ልጁን ጠየቅነው። አልተቆጣም። «እህቶቼ፣ ለብዙው ስል ጥቂቱን ቆረጥኩ። ልክ ነኝ አላልኩም። ግን ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እኔ ስክሪን ላይ የማየው ቁጥር ነው» አለን። እውነቱን ነው። እኛም በዘገባችን አጥፊ አድርገን አላቀረብነውም። ችግር ብለን የጻፍነው ይህን ያህል ውሳኔ ከደረጃ ሥር ባለች ክፍል፣ አንድ ሰው ብቻውን፣ ማንም ሳያውቅ የሚወስነው መሆኑን ነው። የላይብረሪው ሰዓት ሲቀየር ማስታወቂያ ይለጠፋል። የካፌው ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨምር በነበረበት ዘመን እንኳ ተማሪ ይንጫጫ ነበር አሉ። የአየሩ ደንብ ሲቀየር ግን ማንም ማንንም አያስታውቅም።

ተማሪውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዋይፋዩ ሲደክምበት ሦስት አራት ሆኖ ብር ያዋጣና አንድ ፓኬጅ ይገዛል፤ አንዱ ሆትስፖት ይከፍትና ሌሎቹ ይጠቀማሉ። ደስ የሚል መተሳሰብ ነው፤ እቁብ በሉት። ግን እያንዳንዷ ሆትስፖት በአብዛኛው የምትናገረው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አየር ላይ ነው። እዚያ አየር ላይ ደግሞ ሳይነካኩ መናገር የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንድ ክፍል ውስጥ ዐሥራ አምስት ሆትስፖት ሲከፈት የግቢው ዋይፋይ ጭራሽ ይሞታል። ዋይፋዩ ሲሞት ደግሞ ሌሎች ዐሥራ አምስት ይከፈታሉ። «አትክፈቱ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ይህን ማቆም አይቻልም፤ ሰው ዋይፋዩን ካመነ ራሱ ይዘጋዋል።

የአራዳን ግንብ ሳናነሳ አናልፍም። ሰፈራችን የድንጋይ ሰፈር ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ተመልከቱ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተሠርቶ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ነው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት። እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲታነጽ ግድግዳው እንዲያስተላልፍ የታሰበ ነገር የለም፤ እንዲያስቀር ነው የታሰበው። ያ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከዘገምተኛው ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። አንድ አዳራሽ ውስጥ አንዷን አክሰስ ፖይንት ሰቅሎ አራት ክፍል እሸፍናለሁ ማለት በኮርኒስ ቤት ይሆናል፣ በድንጋይ ቤት አይሆንም። የሰው አካልም ውሃ ነውና ሞገዱን ይውጣል፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለካ ዋይፋይ ተማሪ ሲሞላበት ሌላ ነው። የእኛ ግቢ አክሰስ ፖይንቶች የተሰቀሉት ክረምት ላይ፣ ተማሪ በሌለበት ነው። ይበቃል አንልም?

ግቢው እምቢ ሲል መሸሻችን ፒያሳ ነበር። በታላላቆቻችን ጊዜ ኢንተርኔት ካፌ ተገብቶ በደቂቃ ሳንቲም እየተቆጠረ ነው ኢሜይል የሚከፈተው። በእኛ ጊዜ አንድ ማኪያቶ ታዝዞ ግማሽ ቀን መቀመጥ ሆነ። ቤቱን መምረጥ ራሱ ጥበብ ነው። ቶሞካ ቡናው ግሩም ነው፣ ግን ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ነው፤ ቆሞ ሪሰርች አይጻፍም። እኛ የያዝናት ቤት ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወስደው በኩል ነበረች። አስተናጋጇ ፓስወርዱን በደረሰኝ ጀርባ ትጽፍልናለች፣ ሁለተኛ ማኪያቶ ካላዘዝን ደግሞ በዓይኗ ትጽፍልናለች። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቤቷም አብራ ሄደች። የሰዎቹን ቤትና ትዝታ ለጊዜው ሌሎች ይጻፉት፤ እኛ የምንለው የግቢው ዋይፋይ በዚያ ሰሞን ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ተፈላጊ ሆነ ነው። መሸሻ የሌለው ሰው ስለ ቤቱ ጣሪያ አብዝቶ ይጨነቃል።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረገው ለሚል አንባቢ አንድ ነገር እንንገር። ኤዱሮም የሚባል ሥርዓት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኔዘርላንድስ የተነሳ ሐሳብ ነው፣ አሁን ከመቶ በላይ አገሮች ገብቷል። አንድ ተማሪ በራሱ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ይገባል፤ እንግዳው ግቢ ቃሉን አያይም፣ የተማሪውን ግቢ «ይህ ልጅ የናንተ ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። የዋስ አሠራር ነው። በአገራችንም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር አለ። ከሐዋሳ ለጥናት ስድስት ኪሎ የመጣ ተማሪ በር ላይ «ፓስወርድ ማን ይስጠኝ» እያለ እንዳይዞር ማድረጊያው መንገድ ይኸው ነው። አንድ ፓስወርድ ለሺህ ሰው ሰጥቶ፣ ቃሉ ታክሲ ተራ ሲደርስ ደግሞ መቀየር ማስተዳደር አይባልም። የእኛ ግቢ ፓስወርድ በተቀየረ በሰዓቱ ቴሌግራም ላይ ይወጣ ነበር። በዚያ ፍጥነት የተለቀቀ ውጤት አላየንም።

ዘገባችንን አቀረብን፣ ማርካችንንም አገኘን (አንናገርም)። የመውጫ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአይሲቲው ልጅ ደወለልን። «ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ማን እንደሆኑ አላውቅም ያልኩትን። እስቲ እናንተ እወቁልኝ» አለ። ወረቀት ይዘን ላይብረሪ ገባንና ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞርን «ዋይፋዩ ይታይሻል? ስልክሽ ምንድን ነው?» እያልን ጠየቅን። አንዳንዷ ስልኳን ለማሳየት ታፍራለች፤ ከመጽሐፍ ሥር አውጥታ ሞዴሉን ታነብልንና መልሳ ትከታለች። አብዛኞቹ የተቀመጡት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ገባን፣ የሚሠሩት ሶኬቶች እዚያ ናቸው፣ ያረጀ ስልክ ደግሞ ባትሪው አይቆይም።

ዝርዝሩን ወሰድንለት። መሰላሉን ይዞ ወጣና የሁለተኛውን ፎቅ አንዷን አክሰስ ፖይንት ነካካ፤ 2.4 ጊጋኸርዟን መልሶ ከፈተ፣ ፍጥነቷንም ዝቅ አደረገ። በሩ ላይ በማርከር «አሮጌ ስልክ ያላችሁ እዚህ ተቀመጡ» ብሎ ጻፈ። አንደኛችን «አሮጌ» የሚለውን አስጠፋችው፤ «5 ጊጋኸርዝ የማያሳይ ስልክ» ተብሎ ተተካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይሞላ ነበር። ፈተናውን እኛም የተዘጋጀነው እዚያው ነው። የፈተናው ዕለት ራሱ ልጁ በዋይፋይ አልተማመነም፤ ለፈተናው ክፍል ሌሊቱን ኬብል ሲዘረጋ አደረ፣ ጠዋት ስንገባ ፕላየሩን በእጁ እንደያዘ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አንቀላፍቶ ነበር።

ያቺ አክሰስ ፖይንት ዛሬም እንደተወችው ትሁን አትሁን፣ የታች ክፍል ልጆች ሁለተኛው ፎቅ ወጥታችሁ አይታችሁ ንገሩን።